ባለ 3 ግንዱ ዋንዛችን ባላው ላይ ተሰነጠቀ፤ በብረት ገመድ ማሰር ያድነዋል?

የዋንዛው_ቤት (ለገጣፎ) ፦ ግንቦት 4

ጤና ይስጥልኝ። ግቢያችን ውስጥ አባቴ የተከለው ትልቅ ዋንዛ አለ። ቁመቱ የጣሪያችንን ሁለት እጥፍ ያልፋል። ደረት አካባቢ ሲደርስ ለ3 ይከፈላል። ሁለቱ ግንዶች ተጣብቀው ቀጥ ብለው ወጥተዋል። ሦስተኛው ወደ ማድ ቤቱ ጣሪያ ዘንበል ብሏል።

የበልጉ ዝናብ ከነፋስ ጋር ከመጣ በኋላ በሁለቱ ግንዶች መሃል ቁልቁል የወረደ ስንጥቅ አየሁ። የቢላ ስለት ይገባል። ከታቹ ቡናማ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጉንዳን ይመላለስበታል። ነፋስ ሲነሳ ጠጋ ብሎ ላዳመጠ ሲጥ ሲጥ ይላል።

ጎረቤት በሁለት ተከፍሏል። አንዱ "ክረምት ሳይገባ ቁረጪው" ይላል። ሌላው "በበያጅ ዙሪያውን በፌሮ አስጠፍሪው" ይላል። እኔ ልቆርጠው አልፈልግም። እናቴ ቡና የምታፈላው እሱ ጥላ ሥር ነው። ልጆቹም የሚውሉት እዚያው ነው፤ ስለዚህ እንዲሁ ተስፋ አድርጌ መተውም አልችልም። ውጭ አገር ትልልቅ ዛፎችን በብረት ገመድ እርስ በርስ ሲያያይዙ በቪዲዮ አይቻለሁ። እዚህ የሠራ አለ? ያዋጣል?

የቡራዩ_ልጅ ፦ ግንቦት 4

እህቴ ይሄ ቀላል ነው። ወፍራም ሽቦ ገዝተሽ ሦስቱንም ግንድ አንድ ላይ ዙሪያውን ጠምጥመሽ በብረት ማዞር ነው። የእኛ ጥቁር እንጨት እንደዚያ ከታሰረ ቆይቷል። እስካሁን አልወደቀም።

በገመድ_ወጪ (ኮተቤ) ፦ ግንቦት 4

የቡራዩ ልጅ፣ ወንድሜ፣ አደራህን ይሄን ለማንም አትምከር። ሥራዬ ዛፍ ላይ መውጣት ነው፤ እንዲህ የታሰሩ ዛፎችን በየሰፈሩ አያለሁ።

ዛፍ በየዓመቱ ይወፍራል። ሽቦው ግን አይሰፋም። ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥሩ የሚወርደው ከቅርፊቱ ውስጠኛ ክፍል ነው። ሽቦው ሲያንቀው ምግቡ ከሽቦው በላይ ይታገዳል። ለዚህ ነው ከሽቦው በላይ ያለው ግንድ አብጦ፣ በታች ያለው ቀጥኖ የምታየው። ሥሩ ይራባል። ጊዜው ሲደርስ ግንዱ የሚሰበረው እዚያው ሽቦው በበላው ቦታ ላይ ነው። ፌሮ ሆነ፣ ሰንሰለት ሆነ፣ የመኪና ጎማ አልብሰው ያሰሩት ሆነ ያው ነው። ዙሪያውን የዞረና የማይሰፋ ነገር ሁሉ ያንቃል።

ሁለተኛው ችግር ቦታው ነው። ሰው የሚያስረው እጁ የሚደርስበት ላይ ነው። ገመድ ግን ሥራ የሚሠራው ከፍ ብሎ ሲታሰር ነው። ከባላው ጀምሮ እስከ አናቱ ያለውን ቁመት ለ3 ክፈሉት፤ ገመዱ የሚገባው ሁለት ሦስተኛው አካባቢ ነው።

የዋንዛው ቤት፣ ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ መልሱ ዛፉን ካዩ በኋላ የሚሰጥ ነው። እስኪ እነዚህን ንገሪን። ግንዶቹ ምን ያህል ይወፍራሉ? ስንጥቁ ርዝመቱ ስንት ነው፣ ከወዲያኛው ጎንስ ይታያል? ግንዱን በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለሽ ስትመቺው እንደ ባዶ የሚጮኽ ቦታ አለ? እንጉዳይ የበቀለበትስ? የመብራት ሽቦ በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል?

እስከዚያው ልጆቹን ከሥሩ አርቂ። ዛሬውኑ።

የዋንዛው_ቤት ፦ ግንቦት 5

ጠዋት ከወንድሜ ጋር ለካን። ተጣብቀው የወጡት ሁለቱ 35 ሴንቲ ገደማ ናቸው። ያዘመመው ቀጠን ይላል። ስንጥቁ ከባላው ወደ ታች 40 ሴንቲ ይወርዳል፤ በወዲያኛው ጎንም አለ፣ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ስንመታው ሁለቱ ድፍን ድምፅ አላቸው። ያዘመመው ከታቹ ትንሽ ይጮኻል። እንጉዳይ አላየንም። የመብራት ሽቦ ከምሰሶ ወደ ቤታችን የሚገባው በአንዱ ቅርንጫፍ ሥር ነው።

ጡረተኛ_የደን_ባለሙያ (ሆለታ) ፦ ግንቦት 5

ልጄ፣ ጥሩ ተመልክተሻል። እስኪ ባላውን እንዴት ማንበብ እንደሚቻል ልንገርሽ። ለሌላውም ይጠቅማል።

ሁለት ግንድ ሲገናኝ ቅርጹ እንደ ሰፊ ጎድጓዳ ከሆነና በመጋጠሚያው ላይ ቅርፊቱ ወደ ላይ ተገፍቶ እንደ ሸንተረር ከወጣ፣ እንጨት ከእንጨት ጋር ተያይዟል ማለት ነው። ያ ጠንካራ ነው። ጠባብና ሹል ሆኖ ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ከተቀበረ ግን ግንዶቹ የሚነካኩት በቅርፊታቸው ነው። ቅርፊት ከቅርፊት ጋር አይጋባም። ሁለቱም ሲወፍሩ ራሳቸው አንዱ አንዱን ይገፋዋል። አንቺ ቤት የሆነው ይህ ነው። ሲጥ ሲጥ የሚለውም የተከፈተው እንጨት ሲፋተግ ነው። በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ ያበጠ ነገር ካየሽ ደግሞ ዛፉ ድካሙን ለመሸፈን ተጨማሪ እንጨት እየሠራ ነው።

አሁን ዋናውን ልበል። ገመድ የሚይዘው ግንድን ከግንድ ነው። ዛፍን ከመሬት አይዝም። ለገጣፎ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ይለሰልሳል። ለመንገድ፣ ለቧንቧ ወይም ለአጥር መሠረት ተብሎ ሥሩ በአንድ ጎን ከተቆረጠ፣ ላዩን በወርቅ ሰንሰለት ብታስሪው ከነሥሩ ይገነደሳል። ስለዚህ ነፋስ ባለበት ሰዓት ከዛፉ ሥር ያለውን መሬት ተመልከቺ። አፈሩ ከፍ ዝቅ ካለ ወይም በግማሽ ክብ ከተሰነጠቀ የገመድ ወሬ እዚያ ላይ ያበቃል።

በዚህ 3 ዓመት ውስጥ ከዛፉ አጠገብ የተቆፈረ ነገር አለ?

የዋንዛው_ቤት ፦ ግንቦት 5

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ምንም አልተቆፈረም፤ ግቢው ሣር ነው። ትናንት ከሰዓት ነፋስ ነበር፣ መሬቱ ላይ ቆሜ አየሁ። አይንቀሳቀስም፣ ስንጥቅም የለውም።

ሒሳብ_ወዳድ ፦ ግንቦት 5

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ለምን ከፍ ብሎ እንደሚታሰር በቁጥር ላሳይ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታልና።

ግንዱ ከባላው በላይ 9 ሜትር ነው እንበል። ነፋሱ ቅጠሉን ሲገፋ ጉልበቱ በአማካይ 6 ሜትር ላይ ያርፋል ብለን እንውሰድ። በ100 ኪሎ ኃይል ገፋ። ገመዱ 6 ሜትር ላይ ከሆነ የሚሸከመው ያንኑ 100 ኪሎ ነው። 2 ሜትር ላይ ካሰርነው ግን 300 ኪሎ መሸከም አለበት። 1 ሜትር ላይ ከሆነ 600። እጅ በደረሰበት የታሰረ ሽቦ የሚበጠሰው ወይም እንጨቱን የሚሰነጥቀው ለዚህ ነው። ሽቦውን ማወፈር መፍትሔ አይደለም፤ ከፍ ማድረግ ነው።

በጣም ላይ መውጣትም ጥሩ አይደለም። እዚያ ግንዱ ቀጭን ስለሆነ ገመዱ የሚታሰርበትን፣ ግንዱን በስቶ የሚገባውን ብሎን የሚይዝ እንጨት አይኖርም።

አረንጓዴ_ሰበታ ፦ ግንቦት 6

እኔ ግን የማልስማማበት ነገር አለ። ሕያው ዛፍን በስቶ ብረት ማስገባት ራሱ ቁስል አይደለም? በቁስሉ መበስበስ ይገባል። ጀርመኖች ዛፉን ሳይበሱ በሰፊ ቀበቶና በሰው ሠራሽ ክር ገመድ እንደሚያስሩ አንብቤያለሁ። ለምን እሱን አንጠቀምም? ገበያ ላይ ጥሩ የናይለን ገመድ አለ።

በገመድ_ወጪ ፦ ግንቦት 6

ጥያቄው ተገቢ ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ዛፍ እንደ እኛ ቁስሉ አይሽርም። አሜሪካዊው የዛፍ ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ በሺዎች የሚቆጠሩ ግንዶችን ሰንጥቆ ያሳየው ይህን ነው። ዛፍ የተጎዳውን ቦታ ዙሪያውን አጥሮ ይዘጋዋል፣ አዲስ እንጨት በላዩ ያበቅላል። ጤነኛ ዛፍ ለአንድ ጠባብ ቀዳዳ ይህን በደንብ ይችላል። ዙሪያውን ለታነቀ ግን መውጫ የለውም። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የገባ ብሎን ከተጠመጠመ ሽቦ በጣም ይሻላል። ቀዳዳው ላይ ቀለም፣ ሬንጅ ወይም ሲሚንቶ መቀባት ግን ጥቅም የለውም። እንዲያውም እርጥበቱን ውስጥ ያፍናል።

የጀርመኑ ዓይነት ገመድ እውነት ነው፣ ጥሩም ነው። ትንሽ ይለጠጣል። ዛፉ በነፋስ ሲወዛወዝ ያንን የሚቋቋም እንጨት ይሠራል፤ ያ ገመድ ይህን አይከለክለውም። ነገር ግን የተሠራው ገና ላልተሰነጠቀ ባላ ነው። ተሰንጥቆ ለሚፋተግ ባላ እንቅስቃሴውን የሚገታ ብረት ያስፈልጋል። ዕድሜውም የተወሰነ ነው። አምራቾቹ ራሳቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ቀይሩ ይላሉ።

ከገበያ የተገዛ ናይለን ግን ሌላ ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። ፀሐዩ ገመዱን ያደርቀዋል። ላዩ ፀጉር አውጥቶ ነጭ ዱቄት ሲያራግፍ ታየዋለህ። ደግሞ በግንዱ ላይ ስትቋጥረው ያው ያንቃል። የጭነት መኪና ማሰሪያ ቀበቶም እንዲሁ፤ ለጊዜው ለመደገፍ ካልሆነ አይሆንም።

የእህታችን ዛፍ ተሰንጥቋል። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ 3 ነገር ነው፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ክብደት መቀነስ፣ ቀጥሎ ላይ የብረት ገመድ፣ ከዚያ ስንጥቁን አቋርጦ ሁለቱን ግንዶች የሚያያይዝ የብረት ዘንግ። ዘንግ ብቻውን አይገባም። ላዩ ካልታሰረ ግንዶቹ ዘንጉን ተደግፈው ከበላዩ ይሰበራሉ።

እውነቱን_ልናገር (አያት) ፦ ግንቦት 6

ሁላችሁም ዛፉን ነው የምታስቡት። ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ነው እኮ! አንድ ሰው ቢሞት ገመዱን ያሰረው ሰው ይጠየቃል? ቆርጣ ሌላ ትትከል። ዋንዛ ቶሎ ያድጋል። በእንጨቱም ጥሩ በርና ጠረጴዛ ይሠራል።

ጡረተኛ_የደን_ባለሙያ ፦ ግንቦት 6

የአያቱ ወንድሜ ያነሣው ዋዛ አይደለም። ሰው ይቀድማል። እኔም ብዙ ዛፍ "ይቆረጥ" ብዬ ፈርሜያለሁ። መቆረጥ ያለበት መቼ ነው? ሥሩ ሲላቀቅ። ግንዱ ውስጡ በልቶት ጤነኛው ክፍል ስስ ሽፋን ብቻ ሲሆን። ከሥሩ እንጉዳይ ሲያወጣ። ስንጥቁ እስከ መሬት ሲወርድ። ከእነዚህ አንዱ ካለ እኔም "ገመድ አታስሪ፣ ገንዘብሽንም አታባክኚ" እላታለሁ።

እሷ ዘንድ አንዱም የለም። ሁለቱ ዋና ግንዶች ድፍን ናቸው፣ መሬቱ ጸንቷል። ይህ በወጉ ከተሠራ ለብዙ ዓመት የሚቆም ዛፍ ነው። አዲስ ዋንዛ ያንን ያህል ጥላ እስኪሰጥ ልጆቹ አድገው ይወጣሉ። ደግሞ ከተማው ወደ እኛ በመጣ ቁጥር የሚቀድመው አገር በቀሉ ዛፍ ነው የሚወድቀው። ዋንዛው፣ ጥዱ፣ ወይራው አለቀ። ልናድነው የምንችለውን እንኳ በፍርሃት ብቻ ከቆረጥን ምን ይቀረናል? ይህን ስል ግን ከልቤ ነው፦ ገመድ ዋስትና አይደለም። አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ከታሰረም በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ባለበት ሰዓት ማንም ሥሩ አይቀመጥ።

ለመቁረጥ ከወሰነችም መጀመሪያ የአካባቢውን አስተዳደር መጠየቅ አለባት። አገር በቀል ዛፍ በዘፈቀደ አይቆረጥም።

ብረታ_ብረት_መርካቶ ፦ ግንቦት 7

ዕቃውን በተመለከተ እኔ ልርዳ። ሥራዬ ነው።

ገመዱ ዚንክ የተቀባ የብረት ገመድ ይሁን፣ 10 ሚሊ ይበቃል። ውስጡ የክር እምብርት ያለው አለ፤ ውሃ ይይዛል፣ ከውስጥ ይዝጋል። ውስጡም ብረት የሆነውን ጠይቂ። ያገለገለ የክሬን ገመድ በርካሽ ይሸጣል። አትግዢ። እጅሽን በጨርቅ ሸፍነሽ ስትዳስሺው የተበጠሱ ክሮች ጨርቁን ይይዙታል።

ብሎኑ ጫፉ ላይ ቀለበት ያለው ይሁን። ቀለበቱ ተቀጥቅጦ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ መሆን አለበት። ዘንግ አጥፈው ቀለበት ያስመሰሉት ሲወጠር ይከፈታል። ከግንዱ ውፍረት በላይ የሚረዝም ሆኖ ወዲያ ጎን ወጥቶ በሮንዴላና (ከዳዶው ሥር የሚገባው ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት) በዳዶ ይያዝ። ሮንዴላው ሰፊና ወፍራም ይሁን። ስሱ ላሜራ ሲጠብቅ ይታጠፋል።

ገመዱ ቀለበቱ ላይ በቀጥታ አይጠመዘዝ፤ ብረት ብረትን ይበላዋል። ገመዱ የሚተኛበት ጎድጓዳ ብረት አለ፣ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው። እሱ ውስጥ ይግባ። ከዚያ በእያንዳንዱ ጫፍ ቢያንስ 3 የገመድ ክላምፕ፣ ማለትም የታጠፈውን ጫፍ ከረጅሙ ገመድ ጋር አጥብቆ የሚይዝ ማያያዣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገለብጠዋል፦ የክላምፑ ጠፍጣፋ መቀመጫ ጭነት በሚሸከመው ረጅም ገመድ ላይ፣ የታጠፈው ዘንግ ደግሞ በተቆረጠው አጭር ጫፍ ላይ ይሆናል። ከተገለበጠ የሚሸከመውን ገመድ ይጨፈልቀዋል። አንድ ጊዜ ከተወጠረ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ማጥበቅ ነው፤ ገመዱ ሲወጠር ስለሚቀጥን ይላላሉ።

የዋንዛው_ቤት ፦ ግንቦት 7

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በገመድ ወጪ፣ እስኪ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ንገረኝ። የምቀጥረው ሰው በትክክል መሥራቱን ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ።

በገመድ_ወጪ ፦ ግንቦት 8

ጥሩ አሰብሽ። እንግዲህ ስሚ።

ከሁሉ በፊት የመብራቱ ሽቦ። ኃይል እስኪቋረጥ ማንም አይወጣም። የብረት ገመድ ይዞ መብራት አጠገብ መሥራት ቀልድ አይደለም። "እኔ እጠነቀቃለሁ" የሚል ሠራተኛ ከመጣ አሰናብቺው።

የሚወጣው ሰው ራሱን በተሰነጠቀው ግንድ ላይ ብቻ እንዳያስር። ከመውጣቱ በፊት ሁለቱ ግንዶች በቀበቶ ለጊዜው ይያዙ፤ ማታ ይፈታል። ራስ ቁር ይኑረው። ታች ያለውም እንዲሁ።

ሥራው የሚጀመረው በመመልመል ነው። ወደ ማድ ቤቱ ያዘመመውን ግንድ ያሳጥረዋል። አናቱን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ግን አይፈቀድም፤ ዛፉ ከቁራጩ ላይ በደካማ መጋጠሚያ የተያዘ ብዙ ጭራሮ ያወጣል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የባሰ ችግር ነው። የሚቆረጠው ወደ ጎን የወጣ ቅርንጫፍ ባለበት ቦታ ነው። ያ የሚቀረው ቅርንጫፍ ከሚቆረጠው ውፍረት ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ሊኖረው ይገባል። በአንድ ጊዜ ከጠቅላላው ቅጠል ከሩብ በላይ እንዳይነሣ። የሁለቱ ዋና ግንዶች ጫፍም በመጠኑ ይቀለል።

ቀጥሎ ገመዱ። ግንዱ 3 ስለሆነ ሦስት ማዕዘን ነው የሚሠራው፦ 3 ገመድ፣ 6 ብሎን። እያንዳንዱ ገመድ በሁለቱም ጫፍ የራሱ ብሎን አለው። ሁለት ገመድ በአንድ ቀለበት አይገባም። በአንድ ግንድ ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች አንድ ከፍታ ላይ አይሁኑ፤ ቢያንስ 30 ሴንቲ ይራራቁ። ቀዳዳው ከብሎኑ በጥቂት ሚሊ ብቻ ይስፋ። ስፋቱ ግንዱ እዚያ ቦታ ላይ ካለው ውፍረት አንድ ስድስተኛ እንዳይበልጥ።

ትራፓኖው ሲበሳ የሚወጣውን ፍርፋሪ እጅሽ ላይ ተቀበዪው። ይህ ከሁሉም በላይ የሚነግርሽ ነው። ነጣ ያለ፣ ረጠብ ያለ፣ ጥምዝምዝ ሆኖ ከወጣ እንጨቱ ደኅና ነው። ጠቁሮ፣ ዱቄት ሆኖ፣ የሻጋታ ሽታ ይዞ ከወጣ፣ ወይም ፑንታው (የትራፓኖው መብሻ ብረት) በድንገት ወደ ውስጥ ከዘለቀ፣ እዚያ ቦታ ላይ ብሎን አይገባም። ቦታ ይቀየራል። በጥርሱ ወደ እንጨቱ ብቻ የሚጠመዘዝ መንጠቆ ካመጡም እምቢ በይ፤ እሱ በጣም ጤነኛ እንጨት ይፈልጋል፣ አንቺ ደግሞ የምትጠራጠሪው ዛፍ ነው ያለሽ።

ብሎኑና ገመዱ አንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይሁኑ። ገመዱ ወደ ጎን ከጎተተው ብሎኑ ይጎብጣል። ሮንዴላው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቅርፊቱ ብቻ በልኩ ይነሣና እንጨቱ ላይ ይቀመጥ። ቅርፊት ላይ ካረፈ ቅርፊቱ ይበሰብስና ይላላል።

ውጥረቱ ላይ ሰው ይቸኩላል። ገመዱ እንደ ክራር ክር እስኪጮኽ መወጠር የለበትም። መርገቡ ጠፍቶ ቀጥ ካለ በቃው። ግንዶቹን በእጅ መወጠሪያ በጥቂቱ ሳብ አድርጎ ገመዱን ማሰር፣ ከዚያ መወጠሪያውን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው።

መጨረሻ ላይ ዘንጉ። ዳር እስከ ዳር ጥርስ የወጣለት 16 ሚሊ ዘንግ ሁለቱን ግንዶች አቋርጦ ያልፋል፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሮንዴላና ዳዶ። ስንጥቁን በኃይል ለመዝጋት አትሞክሩ። ለዓመታት የተከፈተ እንጨት ተጨፍልቆ አይጋጠምም። የሚፈለገው ከዚህ በኋላ እንዳይከፈት ነው።

ጠዋት ይጀመር፣ ነፋስ ሳይነሣ።

የቡራዩ_ልጅ ፦ ግንቦት 8

በገመድ ወጪ፣ የእኛን ጥቁር እንጨት ሄጄ አየሁት። ሽቦው በአንድ በኩል አይታይም፣ ቅርፊቱ ውጦታል። በሌላው በኩል ግማሹ ይታያል። ቆፍሬ ላውጣው?

በገመድ_ወጪ ፦ ግንቦት 8

አትቆፍር ወንድሜ። የተዋጠውን ለማውጣት ስትፈለፍል ሕያው ቅርፊቱን ትጎዳለህ። የሚታየውን ቦታ ሁሉ በፒንሳ ቆርጠህ ቁራጩን አውጣ። ዙሪያው ከተቋረጠ ማነቁ ያቆማል። የተዋጠው እዚያው ይቅር። መጀመሪያ ግን ሽቦው ምን ይዞ እንደነበር ተመልከት። ባላው ደካማ ከሆነ ላዩን በወጉ ሳታስር ሽቦውን አትበጥስ። ሲበጠስም ፊትህን አርቅ፤ የተወጠረ ሽቦ ይገርፋል።

ሒሳብ_ወዳድ ፦ ግንቦት 9

አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ መስፈርት አለ፣ ኤ300 ይባላል፤ የዛፍ ድጋፍ ለብቻው ክፍል ተሰጥቶታል። እዚህ የተባለው የብሎን፣ የከፍታና የክላምፕ ነገር ከእሱ ጋር ይሄዳል። የምትቀጥሪው ሰው "ዛፍ ለማሰር ምን ሕግ አለው?" ካለሽ ሕግ አለው።

የዋንዛው_ቤት ፦ ግንቦት 26

ዛፉ ታሰረ! ዝርዝሩን ለሚቀጥለው ሰው ልተው።

መብራቱ ጠዋት ተቋረጠልን። ሁለት ልጆች መጡ፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ያዘመመውን ግንድ ሲያሳጥሩት ብቻ ዛፉ ቀና ያለ መሰለኝ። ማድ ቤቱ ላይ የነበረው ቅርንጫፍ በገመድ ታስሮ ነው የወረደው፣ አንድ ቆርቆሮ አልተነካም።

ፍርፋሪውን እንደተባልኩት እየተቀበልኩ አየሁ። ሁለቱ ዋና ግንዶች ላይ ነጭ፣ እርጥብ ሆኖ ነበር የሚወጣው፤ ጣቴ ላይ ይጣበቃል። ያዘመመው ላይ የመጀመሪያው ቀዳዳ ግማሽ ሲደርስ ቡናማ ዱቄት መውጣት ጀመረ። አስቆምኳቸው። ልጁ መጀመሪያ "ችግር የለውም" አለ። እኔ እምቢ አልኩ። አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ሲበሳው ንጹሕ ወጣ። ብሎኑ እዚያ ገባ።

ክላምፖቹን ራሴ መሬት ላይ ሆኜ አስተካክዬ ነው የሰጠኋቸው፤ አንዱን ገልብጠውት ነበር። ዘንጉ መጨረሻ ላይ ገባ። በማግስቱ ከሰዓት ነፋስ ነበር። ስንጥቁ ላይ ጆሮዬን ደግኜ አዳመጥኩ። ሲጥ ሲጥ የሚለው የለም።

አሁን ጥያቄዬ፦ ከዚህ በኋላ ምን ልከታተል?

በገመድ_ወጪ ፦ ግንቦት 26

ጎበዝ! ፍርፋሪው ላይ ያስቆምሽው ነገር ሥራውን ሁሉ አድኖታል። ባዶ እንጨት ላይ የገባ ብሎን በመጀመሪያው ክረምት ይነቀል ነበር።

ከታች ሆነሽ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ክረምቱ እንዳበቃ፣ በደንብ ተመልከቺ። ከከባድ ነፋስ ወይም ከበረዶ በኋላም እንዲሁ። የምታዪው ገመዱ ረግቦ እንደሆነ፣ ዝገት እንደወረደበት፣ ክላምፑ እንደተንሸራተተ ነው። ስንጥቁ ዳርና ዳር ላይ በቀለም ሁለት ነጥብ አድርጊና ርቀቱን በሜትር ለኪ። ከጨመረ ወዲያው ጥሪን። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የሚወጣ ሰው ይቅረብና ብሎኖቹን በእጁ ይፈትሽ። ዛፉ ሮንዴላውን ቀስ በቀስ ይውጠዋል። ተይው፣ ጤነኛነቱ ነው።

ዛፉ ቁመት ሲጨምር ገመዱ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ያኔ አዲስ ገመድ ከላይ ይገባል። አሮጌው አዲሱ ከገባ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይነሣም።

ሱሉልታ_ነፋስ ፦ ሰኔ 1

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። እኛ ጋር ከአንድ ጉቶ የወጡ 5 ባህር ዛፎች አጥሩ ላይ አሉ። በተደጋጋሚ ተቆርጦ ያቆጠቆጠ ጉቶ ነው። 2ቱ ወደ ቤታችን ያጋደሉ ናቸው። በዚሁ መንገድ ቢታሰሩስ?

ጡረተኛ_የደን_ባለሙያ ፦ ሰኔ 1

እነሱን አትሰር ልጄ። ከጉቶ የሚያቆጠቁጥ ግንድ የሚነሣው ከቅርፊቱ ሥር ነው፤ ከጉቶው እምብርት ጋር ሥር የሰደደ ግንኙነት የለውም። ጉቶው ደግሞ በተቆረጠ ቁጥር ከመሃሉ ይበሰብሳል። እርስ በርስ ብታስራቸው አንዱ ሲገነጠል ሌላውን ይዞ ይወርዳል። ገመዱን የሚይዝልህ ጤነኛ መሠረት የለም።

ባህር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የመጣ ነው። ተቆርጦ ማቆጥቆጡ ነው ጥቅሙ። ስለዚህ እንደዚያው ያዘው። ወደ ቤቱ ያጋደሉትን 2 ክረምቱ ሳይጠና በሚያውቅ ሰው በገመድ እየተያዙ ይውረዱ። ከቀሩት 3 ቀጥ ያሉትን ተዋቸው፤ ግን ርዝመታቸው ቤቱ ጋ የሚደርስ ከሆነ እነሱም ተራቸውን ይጠብቁ። ጉቶው እንደገና ሲያቆጠቁጥ ከአጥሩ ወደ ውጭ ካለው ጎን አንድ ጤነኛ ብቻ መርጠህ ሌላውን ገና ለጋ ሳለ አንሣው። በቦታው ጥላ ከፈለግህ ደግሞ ከቤቱ ራቅ አድርገህ ወይራ ወይም ጥድ ትከል። መንታ ሆኖ መውጣት ከጀመረ ጣት ሳያህል አንዱን ቁረጥ፤ ያኔ መቀስ ይበቃል።